ከሳትህበት ጀምር

ሰው በሰው ፊት ከሚያፍርባቸው ነገሮች አንዱ በፈተና መውደቅ ነው። ሌላውን ጥፋት ሁሉ መደበቂያ ይገኝለታል፤ በፈተና የወደቀ ግን ውድቀቱን የሚሸሽግበት ስፍራ የለውም፤ ጎረቤቱም ዘመዱም «ውጤት ወጣ ወይ?» እያሉ በየደጁ ይጠይቁታልና። አባቶቻችን «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ያሉት ይህን የመሰለውን ነገር አይተው መሆን አለበት። እኔም ከሃያ ዓመት በላይ በመምህርነት ስኖር ብዙ ምሳር አይቻለሁ፤ ከዕለታት አንድ ቀንም ምሳሩን የያዝሁት እኔ ራሴ ነበርሁ። ዛሬ ለአንባብያን ልጽፍ ያሰብሁት ስለዚያ ቀን ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና በሚባለው ሰፈር ነው። ስሙ አየርንና ጤናን ያጣመረ ስለ ሆነ ለሰሚው ደስ ያሰኛል፤ የጅማ መንገድ ጢስና አቧራ ግን ከስሙ ጋር ዘወትር እንደ ተከራከረ ነው። ከሰፈራችን ጥቂት ራቅ ብሎ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ይገኛል፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት የሚባለው ማዕከል የተቋቋመው በዚሁ ስፍራ ነው። የእህቴ ልጅ ገና ሕፃን ሳለ ከእናቱ ጋር በዚያ በኩል ሲያልፍ ጣታቸው የጎደለ ሰዎችን አይቶ «እማዬ፣ እነዚህን የሚያክማቸው ማን ነው?» እያለ ይጠይቅ እንደ ነበር እህቴ ደጋግማ ታወራለች። ይህ ጽሑፍ የእርሱ ነገር ነው።

አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት፣ እህቴ እርሱንና ሁለት ታናናሾቹን ይዛ በእኔ ግቢ በአንዲት ክፍል ትኖር ነበር። መተዳደሪያዋም እንጀራ ጋግሮ መሸጥ ነበረ። ልጁ ትጉህ ነበርና 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ምኞቱ ሐኪም መሆን ቢሆንም ነጥቡ ለዚያ ስላልበቃ በነርስነት ተመድቦ ተማረ፤ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆም በአንድ ጤና ጣቢያ ተቀጠረ። የመጀመሪያ ደመወዙን ለእናቱ ባመጣላት ቀን እህቴ ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

በአገራችን ወደ ሕክምና ትምህርት የሚገባበት በር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በሕፃንነታቸው በእንግሊዞች እጅ ገብተው፣ በሕንድ አገር አድገውና ተምረው ነው ሐኪም የሆኑት። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት የሐኪሞችን ቁጥር ለማብዛት ሲል በሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ የሚያስተምር አዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በ13 ተቋማት ጀመረ። የእህቴ ልጅ ይህን በሰማ ጊዜ ዓይኑ በራ። ተዘግቷል ብሎ የተወው በር በሌላ ወገን ሲከፈት ያየ ሰው እንዴት እንደሚሆን አንባቢ ይገምተው።

ተመዘገበ፤ ተፈተነም፤ ወደቀም።

ያን ዕለት ማታ በእህቴ ቤት ቡና ተፈላ። ልጁ በርጩማው ላይ አቀርቅሮ ተቀመጠ። እኔ የቤተሰቡ ታላቅ ነኝና የምናገረውን ሁሉ ይጠብቅ ነበር። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ልጄ ሆይ፣ ሐኪም እንድትሆን የእግዚአብሔር ፈቃድ አይደለም ማለት ነው። ነርስነትም በሽተኛን መርዳት ነው፤ በያዝኸው ጸንተህ እናትህን ጡራት፤ ነገሩን ተወው» አልሁት። እህቴ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለች። እኔም መልካም ምክር የመከርሁ መስሎኝ ሲኒዬን አነሣሁ።

ልጁ ግን ቀና ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የእግዚአብሔር ፈቃድ አለመሆኑን እንዴት ዐወቁ? እኔ የማውቀው ኬሚስትሪውን አለማጥናቴን ብቻ ነው።»

ተቆጣሁ እንጂ አልመለስሁለትም። «የዛሬ ልጆች!» ብዬ ተነሥቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ጥያቄው ለእርሱ ብቻ የተጠየቀ አልነበረምና።

እኔም በ1990 ዓ.ም. ማትሪክ በተፈተንሁ ጊዜ ምኞቴ ሕክምና ነበር። ነጥቤ ለመምህራን ማሠልጠኛ እንጂ ለሕክምና አልበቃም። በግል ደግሞ መፈተን እችል ነበር፤ አልተፈተንሁም። ለጠየቀኝም ሁሉ «ፈቃዱ አይደለም» እያልሁ እመልስ ነበር፤ ሰዎችም ትሕትናዬን ያደንቁ ነበር። ያን ሌሊት ግን ራሴን ስመረምር ትሕትና ሆኖ አላገኘሁትም። በመንደራችን በዲቁና ያገለገልሁ፣ በበዓል ቀን በሕዝብ ፊት ያዜምሁ ሰው ነበርሁና፣ «ያ ዲያቆን ሁለት ጊዜ ወደቀ» መባልን ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴን የእግዚአብሔርን ስም አልብሼው ኖርሁ። መምህርነቴን እወደዋለሁ፤ በእርሱም አልጸጸትም። የሚጸጽተኝ ፍርሃቴን በስሙ መጥራት አለመቻሌ፣ ይልቁንም ያንኑ ፍርሃት ምክር አድርጌ ለልጁ ማውረሴ ነው።

ሊነጋጋ ሲል የዜማ መምህሬ የኔታ ትዝ አሉኝ። በጎጃም ገጠር ጾመ ድጓ ሲያስተምሩኝ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበርና ስሕተታችንን የሚይዙት በጆሯቸው ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ በአንድ ስፍራ ላይ ሦስት ጊዜ ሳትሁ። አፈርሁና ዜማው እንዲያምርልኝ ብዬ ከመጀመሪያው ልጀምር ስል በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አድርገው፦ «ከመጀመሪያው የምትጀምረው የምታውቀውን እንድሰማልህ ነው፤ ብትተወው ደግሞ ስንፍና ነው። ይልቅስ ከሳትህበት ጀምር» አሉኝ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሥርዓት ይህ ነው። የሳተ ተማሪ ወደ ሳተበት ስፍራ ይመለሳል እንጂ «አንተ ለዚህ አልተፈጠርህም» አይባልም። የድጓ መምህር ለመሆን የሚሻ ሰው በጋይንት ወዳለው ወደ ቤተልሔም ምስክር ቤት ይወርዳል፤ በዚያም ትምህርቱን እንደገና ያሄዳል፤ የሳተውንም ያቀናል። ሌላ ቦታ ተምሬ ጨርሻለሁና ለምን እደግማለሁ የሚል የለም። መድገም ነውር ሳይሆን የመማር መንገድ ነው። እኔ በልጅነቴ በዚህ ሥርዓት አድጌ ሳለሁ፣ የእህቴን ልጅ በአንድ ፈተና ብቻ ተወው ማለቴ አሳፈረኝ።

ሲነጋ ጠራሁት። «የትናንቱን ምክሬን ትቼዋለሁ፤ ነገር ግን ገና ድገም አላልሁህም። አስቀድመህ የሳትህበትን አሳየኝ» አልሁት። ባዶ ደብተር ሰጥቼ ከፈተናው የሚያስታውሰውን ሁሉ በሦስት ተራ እንዲጽፍ አዘዝሁት፦ በእርግጥ የመለሰውን፣ በግምት የመለሰውን፣ ያልደረሰበትን። ሁለት ቀን ጻፈ። ደብተሩን አብረን ስናየው ነገሩ እንደ ፀሐይ ግልጽ ሆነ። ስለ በሽታና ስለ ሰውነት ክፍሎች የተጠየቀውን በሥራው ስለሚያውቀው በእርግጥ መልሶታል። በግምት የመለሰው አብዛኛው ኬሚስትሪና ፊዚክስ ነበር። ያልደረሰበት ደግሞ በእንግሊዝኛ ረጅም ጽሑፍ እየተነበበ የሚመለሰው ጥያቄ ነበር።

«ለመሆኑ ስታጠና ጊዜህን በየትኛው ላይ ነው ያሳለፍኸው?» ብዬ ብጠይቀው አፍሮ ሣቀ። ጊዜውን ያሳለፈው አስቀድሞ በሚያውቀው ላይ ነበር። ሰው የሚያውቀውን ሲደጋግም የተማረ ይመስለዋል፤ የማያውቀውን ሲጀምር ግን ደንቆሮነቱ ስለሚገለጥበት ይሸሻል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ዜማውን ለማሳመር የፈለግሁት እኔ ነበርሁ ማለት ነው፤ በእህቴ ልጅ ላይ ራሴን አየሁት።

ቀጥዬም ሁለተኛውን ጥያቄ አመጣሁበት። «የምትሻው ዶክተር መባልን ነው ወይስ ማከምን?» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ በጤና ጣቢያው ስለ ገጠመው ነገር አጫወተኝ። አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት በሌሊት መጣች፤ እርሱና ባልደረቦቹ የሚችሉትን አድርገው ወደ ሆስፒታል ላኳት፤ ዳነችም። «ነገር ግን አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ እጇን ይዤ ቆሜ፣ ከዚህ በላይ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ብሆን ብዬ አሰብሁ። እጄ ሳይሆን ዕውቀቴ ነው ያጠረኝ» አለኝ። ከዚህ በኋላ ስለ ምኞቱ አልጠየቅሁትም።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ከሁሉ የከበደ ነበር። በሁለተኛው ቢያልፍስ? ሕክምና የዓመታት ትምህርት ነው፤ ደመወዙ ይቋረጣል። የታናናሾቹ የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፈነው በእርሱ ደመወዝ ነበር። እህቴ ይህን አስባ፣ «ወንድሜ፣ አንዱን ልጄን ሐኪም አደርጋለሁ ብዬ ሁለቱን ከትምህርት ላስቀር ወይ?» ብላ አለቀሰች። ይህ የስንፍና ንግግር አልነበረም፤ እውነት ነበር። ሰዎች ስለ ትጋት ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ይህን እውነት ይዘሉታል።

እኔ በዚያን ጊዜ በግቢዬ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ልሠራ ገንዘብ አጠራቅሜ፣ ቆርቆሮውንም ተዋውዬ ነበር። አየር ጤና በየጊዜው ተከራይ የሚበዛበት ሰፈር ነውና ለሽምግልናዬ የሚሆን ቀለብ አገኝበታለሁ ብዬ ነበር። ነገሩን ለባለቤቴ አማከርኋት። እርስዋም እጥፍ ድርብ ሳትል፣ «ክፍሉ ይቆይልናል፤ የልጁ ዕድሜ ግን አይቆይለትም» አለችኝ። ስለዚህ ገንዘቡ ለሁለቱ ታናናሾች ትምህርት ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር በልቤ አልቆጨኝም ማለት አልችልም፤ የተዋዋልሁትን ቆርቆሮ ሌላ ሰው ሲጭነው ቆሜ አይቻለሁ።

ያን ዓመት ልጁ ተረኛ በሆነበት ሌሊት ይሠራል፤ ቀን ጥቂት ተኝቶ ከሰዓት በኋላ ከእኔ ጋር ይቀመጣል። ኬሚስትሪውን ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ጀመረ፤ ዲግሪ ያለው ሰው የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዞ በታክሲ ሲሄድ ሰዎች ያዩታል ብሎ በጋዜጣ ሸፍኖት ነበር፤ በኋላ ጋዜጣውን ራሱ ቀደደው። እንግሊዝኛውን በሰዓት እየለካሁ አስነብበው ነበር። በመጀመሪያ ከጥያቄዎቹ እኩሌታውን እንኳ አይጨርስም ነበር፤ ወራት ካለፉ በኋላ ጨርሶ የሚመለከትበት ጊዜ ይተርፈው ጀመር።

ሌሎች አገሮችም ይህን መንገድ ያውቁታል። በጃፓን አገር በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወድቆ ለሚቀጥለው ዓመት የሚያጠና ወጣት ራሱን የቻለ ስም አለው፤ ጌታ የሌለው የጥንት ወታደር በሚጠራበት ቃል «ሮኒን» ይሉታል። በአሜሪካ ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚቀርበውን ፈተና አንድ ሰው በዕድሜው እስከ 7 ጊዜ ሊፈተን ይፈቀድለታል። ፈቃዱም ወሰኑም የራሱ ትምህርት አለው፤ መድገም የተፈቀደ ነው፤ ያለ ልክ መድገም ግን አይደለም።

በሚቀጥለው ዓመት ልጁ ሁለተኛ ተፈተነ፤ አለፈም። አብሮት ሲያጠና የነበረው አንድ የሥራ ባልደረባው ግን በሁለተኛውም ወደቀ። ያ ባልደረባ እንደ እርሱ ተግቷል፤ ከእርሱ ያነሰ አልጸለየም። ስለዚህ «የተጋ ሁሉ ያልፋል» ብዬ ለአንባቢ ልነግር አልችልም፤ ሐሰት ይሆንብኛልና። ባልደረባው ሦስተኛ አልሞከረም። የሳተበትን ዐውቆ፣ አስተካክሎ፣ ሞክሮ፣ ከዚያ በኋላ ተወው፤ ዛሬ ብዙ ነርሶችን የሚመራ የተከበረ ባለሙያ ነው። የእርሱ መተው ከእኔ መተው ጋር አንድ አይደለም። እርሱ የተወው መርምሮ ነው፤ እኔ የተውሁት ፈርቼ ነው። በፈቃደ እግዚአብሔር ማመንና በፈቃደ እግዚአብሔር መሸሸግ የሚለዩት በዚህ ይመስለኛል።

ይህን አሮጌ ነገር ዛሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በዚያው ዓመት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት ሐኪም እሆናለሁ ብለው አድገው በመጀመሪያው ደጅ የቀሩ ልጆች በየቤቱ አሉ። የሚደግሙባቸው መንገዶችም አሉ፤ አንዳንዱ በግል ይፈተናል፤ አንዳንዱ የማካካሻ ትምህርት ወስዶ ይገባል። ዩኒቨርሲቲ የገባውም ቢሆን ሕክምና ለመመደብ በመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ እንደገና ይመዘናል። በሮቹ ብዙ ናቸው፤ በየበሩም ወንፊት አለ።

እንግዲህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ እንደ እኔ በቡናው ሰዓት ለመፍረድ አትቸኩሉ። «ፈቃዱ አይደለም» ከማለታችሁ በፊት ደብተር ስጡት። በእርግጥ የመለሰውን፣ በግምት የመለሰውን፣ ያልደረሰበትን ይጻፍ። ቀጥላችሁ የሚሻው ስሙን ነው ወይስ ሥራውን ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያም የሚደግምበትን ዓመት ወጪ ማን እንደሚሸከም በግልጽ ተነጋገሩ፤ ሸክሙ ሳይነገር በእናት ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ። እነዚህ ሦስቱ ተመርምረው መልሱ «ይድገም» ከሆነ በሙሉ ልብ ይድገም፤ «ይቅር» ከሆነም ያለ ኀፍረት ይቅር።

እናንተም ልጆች፣ የአምናውን ጥናት በአምናው አኳኋን ዘንድሮ መልሳችሁ ብታጠኑ የአምናውን ውጤት መልሳችሁ ታገኛላችሁ። ሁለተኛ ፈተና የሚባለው ሁለተኛ የሚያደርገው አንድ ነገር የተለወጠበት እንደ ሆነ ነው።

የእህቴ ልጅ ዛሬ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ በሐኪምነት ያገለግላል። ታናናሾቹም ትምህርታቸውን ጨርሰዋል። ባለፈው የትንሣኤ በዓል መጥቶ ሳለ በግቢው ስንቀመጥ ከአሰብኋቸው ሁለት ክፍሎች እስከ ዛሬ አንዱ ብቻ መሠራቱን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ሁለተኛውን እኔ ልሥራልዎ?» አለኝ። ክፍሉስ ይቆይ አልሁት። ይልቅስ በቦርሳው ይዞት የመጣውን ያን አሮጌ ደብተር አሳየኝ። ከሦስቱ ተራዎች በታች፣ በኋላ ዓመት የጨመራቸው ገጾች ነበሩ፤ ሲያክም የሳታቸውንና ከባልደረቦቹ ጠይቆ ያረማቸውን እየጻፈባቸው ኖሯል። በየገጹ ራስ ላይ የኔታ ለእኔ የነገሩኝን፣ እኔም ለእርሱ የነገርሁትን ቃል ጽፎበታል።

የኔታ ያን ቃል ሲናገሩ ስለ ዜማ ብቻ የተናገሩ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ምን ያህል በሽተኞች በዚያ ቃል እንደሚጠበቁ ሳስብ፣ ዓይነ ስውሩ መምህሬ ከእኔ ይልቅ አርቀው ያዩ እንደ ነበር ተረዳሁ።